አሮጌዋን ላንድክሩዘር ከሥር ወደ ላይ

መኪናዋን በጨረታ ገዝቼ ደብረ ማርቆስ ወዳለው ግቢዬ ያስገባኋት በ2012 ዓ.ም. የጥምቀት ሰሞን ነበር። ሳምንት ሳይሞላት የባለቤቴ ዶሮ በበሰበሰው የጋቢና ወለል ሽንቁር ሾልካ ገብታ፣ ከሹፌሩ ወንበር ሥር አሥራ አንድ እንቁላል ታቅፋ ተገኘች። ባለቤቴም ጫጩቶቹ እስኪፈለፈሉ ድረስ ያን በር ማንም እንዳይነካው ወሰነችና፣ አስቀድሜ ልሠራው ያቀድኩት ሁሉ፣ ወንበሩም፣ ዳሽቦርዱም፣ መብራቱም፣ ቀለሙም፣ ለ21 ቀን ታገደ። ያልተከለከልኩት ከመኪናዋ ሥር መግባት ብቻ ስለነበር አሮጌ ምንጣፍ አንጥፌ በጀርባዬ ገባሁ። እዚያ ያየሁት ነገር ዕቅዴን በሙሉ ስለገለበጠው፣ እስከ ዛሬ ድረስ ለዚያች ዶሮ ባለውለታ ነኝ።

በሙያዬ ቀያሽ ነኝ። በጎጃም ገጠሮች ከሃያ ዓመት በላይ የተመላለስኩት በዚሁ ዓይነት ፒክአፕ ጋቢና ውስጥ፣ በሹፌሩና በረዳቱ መሃል ተጣብቄ፣ ትሪፖዱን በጉልበቶቼ አቅፌ ነው። ስለዚህ መኪናዋን የማውቃት እንደ ተሳፋሪ ነበር፤ የሹፌሮችን ምሬት ብሰማም የምሬቱ ምንጭ የትኛው ብሎን እንደሆነ ግን አላውቅም ነበር። ጨረታውን ያወጣው መሥሪያ ቤት ለስምንት ዓመት ያህል ከባሕር ዛፍ ሥር አቁሟት ስለቆየ፣ ከመስተዋቱ ግርጌ የተከማቸው ቅጠል በስብሶ አፈር ሆኖ፣ በአፈሩም ላይ ሣር በቅሎበት ነበር።

ዓይነቷ ቶዮታ ላንድክሩዘር ኤችጄ75 ሲሆን የተሠራችው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው። ቶዮታ 70 የሚባለውን ተከታታይ እ.ኤ.አ. በ1984 መጨረሻ ያወጣው የቀድሞውን 40 እንዲተካ ነበር፤ 75 ደግሞ ከእነዚህ መካከል ረጅሙና ጭነት የሚሸከመው ነው። ከፊትም ከኋላም ወጥ አክስል በባሌስትራ (በተደራረቡ የብረት ቅጠሎች ስፕሪንግ) ላይ የተቀመጠባት፣ ጋቢናዋ በሻንሲ (በመኪናዋ የብረት አጥንት) ላይ በብሎን የታሰረባት፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር ያላት መኪና ናት። ሞተሩ 2ኤች ይባላል፤ ይዘቱ 3,980 ሲሲ ነው፤ ቱርቦ የለውም፤ ኃይሉም ከ100 የፈረስ ጉልበት እምብዛም አይዘልም። እ.ኤ.አ. በ1990 ቦታውን 4,164 ሲሲ ለሆነው 1ኤችዜድ ለቅቋል። በመንገዳችን ላይ በብዛት የሚታየው ይኸኛው ስለሆነ፣ ዕቃ ፍለጋ በገባሁበት ሱቅ ሁሉ «የአዲሱን ነው የአሮጌውን?» መባሌ አልቀረም፤ አዲሱ የሚሉት ከወጣ ሠላሳ ዓመት ያለፈውን ሞተር መሆኑ እነሱን አያስቃቸውም።

ሥራውን ስጀምር ለራሴ አንድ ደንብ አውጥቼ ነበር። ማሻሻያ ብዬ የምጨምረው ማንኛውም ነገር ሞጣ ወይም ቢቸና ላይ ቢበላሽ፣ ሞጣ ወይም ቢቸና ላይ ሊጠገን የሚችል መሆን አለበት የሚል ነው። ለምሳሌ ሰፋፊ ጎማ መግጠም ለዓይን ያምራል፤ እኔ ግን 7.50 በ16 የሆነውን የድሮውን ቀጭን ጎማ አልለወጥኩም፤ ምክንያቱም ይህ ልክ በአይሱዙ የጭነት መኪኖችም ላይ ስለሚገጠም የትኛውም ጎሚስታ ዘንድ ይገኛል። በመረሬ ጭቃ ውስጥ ሰፊው ይሻላል ወይስ ጠባቡ የሚለው ክርክር እንደሆነ እኔ ከመወለዴ በፊትም ነበር፣ ከሞትኩም በኋላ ይቀጥላል። ቸርኬዎቹ ባለ ቀለበት በመሆናቸው ግን ቀለበታቸው በዝገት የተበላባቸውን ሁለቱን ያለ ማመንታት ጣልኳቸው፤ እንዲህ ያለው ቀለበት ጎማው በሚነፋበት ጊዜ ተፈናጥሮ ሰው ሊገድል ይችላልና። ይህ ደንቤ በኋላ ሁለት ጊዜ ተፈትኗል፤ አንደኛው ፈተና አርሞኛል፣ ሁለተኛው ግን ሊገድለኝ ነበር።

ብቻዬን አልሠራሁም። ሰፈርተኛው ሁሉ «ጋሼ» ብቻ እያለ የሚጠራቸው ጡረተኛ መካኒክ ጎረቤቴ ናቸው፤ ጠዋት ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ፣ ነጠላቸውን ባጥሩ ላይ ሰቅለው፣ ቱታቸውን ለብሰው ከአጠገቤ ይንበረከኩ ነበር። የመጀመሪያው ችግራችን የቋንቋ ነበር ብል ማጋነን አይሆንም። እኔ የያዝኩት የጥገና መጽሐፍ እንግሊዝኛ ነው፤ ጋሼ ደግሞ ሙያውን የተማሩት ከጣሊያን በተወረሰው የጋራዥ አማርኛ ነው፤ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ቴስታታ (የሞተሩ ራስ)፣ ኩሽኔታ (ቤሪንግ)፣ ካቻቢቴ። በማስታወሻ ደብተሬ ላይ አንዱን ስም ከሌላው ትይዩ እያደረግኩ ጻፍኩ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ስለ አንድ ዕቃ ስንከራከር ቆይተን፣ የምናወራው ስለ ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች መሆኑን የተረዳነው ከዚያ ደብተር ነው።

ወደ መኪናዋ ሥር ልመለስ። ሻንሲው ከጠበቅኩት በላይ ጤነኛ ነበር፤ በሀገራችን ደጋ መንገድ ላይ እንደ ውጪው ዓለም በረዶ ለማቅለጥ ጨው ስለማይበተን የመኪና አጥንት ቶሎ አይበላም። የበሰበሰው ጭቃ ታቅፎ በቆየበት ቦታ ሁሉ ነው፤ በጋቢናው ወለል ማዕዘኖች፣ በደረጃዎቹ ውስጥና ከኋላ የጭነት ሳጥኑ በሻንሲው ላይ በሚያርፍባቸው እንጨቶች ሥር። ሦስት ቀን በአካፋና በውኃ ስጠርግ ከቀይ አፈር ሥር ጥቁር መረሬ፣ ከመረሬው ሥር ደግሞ ሌላ ቀይ አፈር አወጣሁ፤ የእኔ ዓይነት ሥራ የለመደ ሰው መኪናዋ የትኞቹን ወረዳዎች በየትኛው ቅደም ተከተል እንደዞረች ከዚያ ብቻ ማንበብ ይችል ነበር።

ዋናው ሕመም የተገኘው ከፊት አክስሉ ላይ ነው። እንዲህ ባለው መኪና ጉልበት ወደ ፊት ጎማ የሚተላለፈው በአክስሉ ጫፍ ባለ ትልቅ ባዶ ኳስ ውስጥ አልፎ ነው፤ ጎማው ሲታጠፍ የሚዞረውም በዚያ ኳስ ላይ ነው። ኳሱ በግሪስ የተሞላ ሲሆን፣ ጉልበቱን ለግራና ለቀኝ ጎማ ከሚያከፋፍለው ዲፈረንሻል የሚመጣው ዘይት እንዳይቀላቀልበት በመካከላቸው ኦይል ሲል የሚባል ማሸጊያ ተቀምጧል። ይህ ኦይል ሲል ሲያረጅ ዘይቱ ወደ ኳሱ ይፈስሳል፣ ግሪሱን ያቀጥነዋል፣ ድብልቁም ጎማው ላይ ይንጠባጠባል። የግራውን ፈትተን ስንከፍት የወጣው ፈሳሽ በመልክም በውፍረትም ቀጠን ያለ የአጃ አጥሚት ይመስል ነበር። ጋሼ በጣታቸው ነክተው በአውራ ጣታቸው ካሹት በኋላ፣ «አሸዋ አለበት» ብለው እኔም እንድነካው እጃቸውን ዘረጉልኝ። እውነትም እንደ ቀጭን ጨው የሚቆረቁር ነገር ነበረበት። አሸዋው ኳሱ የሚዞርባቸውን የላይና የታች ኩሽኔታዎች በልቷቸዋል፤ ድሮ ሹፌሮቻችን «በሰባ ኪሎ ሜትር መሪው ያንቀጠቅጣል» እያሉ ሲያማርሩበት የኖሩት በሽታም ይኸው መሆኑ ነው።

ኩሽኔታዎቹን መለወጥ ቀላል ነው፤ ልካቸውን ጠብቆ ማሰር ግን ጥበብ ይጠይቃል። በላላ ልክ ከታሰሩ መሪው ይንቀጠቀጣል፣ በጠበቀ ልክ ከታሰሩ ደግሞ መሪው ከብዶ ከመታጠፊያ በኋላ በራሱ አይመለስም። መጽሐፉ የመንጠቆ ሚዛን ይዘህ የመሪውን ክንድ ጫፍ ሳብ፣ መዞር በሚጀምርበት ቅጽበት የሚነበበውን መዝግብ ይላል። እንዲህ ያለ ሚዛን ከየት ይመጣል ብዬ ስጨነቅ፣ ጋሼ ልጃቸውን ጠርተው ማር ከምትነግደው ጎረቤታችን ባለ መንጠቆውን ሚዛን አስመጡ። መንጠቆውን ከክንዱ ቀዳዳ አስገብተን በቀስታ ስንስብ፣ ክንዱ ንቅንቅ ባለበት ሰዓት መርፌው ገና 2 ኪሎ አካባቢ ነበር። ጋሼ ከኩሽኔታው ክዳን ሥር ካሉት እንደ ወረቀት ከሳሱ ስፔሶሮች አንዱን አውጥተው እንደገና አሰሩት፤ 3 ኪሎ ሆነ። ሌላ ቀጭን አወጡ፤ 4 ኪሎ ከምናምን። «እዚህ ላይ ይቁም» አሉ። ስፔሶሮቹ ከላይና ከታች በትክክል ካልተከፋፈሉ ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ ከኳሱ መሃል ስለሚወጣ አዲሱ ኦይል ሲል በወራት ውስጥ መልሶ ይበላልና፣ ቀኝና ግራውን በዚህ ዓይነት ለማስተካከል አራት ቅዳሜ ፈጀብን። ሚዛኑን በናፍጣ አጥበን ብንመልስም ጎረቤታችን ሽታውን አልወደደችውም፤ አዲስ ገዝቼላታለሁ፤ አሮጌው እስከ ዛሬ ከመሣሪያ ሳጥኔ ውስጥ አለ።

ጫጩቶቹ በወጡበት ሳምንት ወደ ኋላ ባሌስትራዎቹ ደርሰን ነበር። ቅጠሎቹ ከዕድሜ ብዛት ጠፍጥፈው፣ ባዶዋን ስትሆን እንኳ ጭነት እንዳለባት ጎንበስ ትል ነበር። ከፍታዋን ለመመለስና ጭነት እንድትችል ለማድረግ በእያንዳንዱ ጎን አንድ ተጨማሪ ቅጠል አስጨመርኩ፤ የባሌስትራ ሠራተኛው ከአይሱዙ ቅጠል ቆርጦ፣ አግሎና አጉብጦ ሠራልኝ። ሞጣም ቢቸናም የሚጠገን ማሻሻያ ነውና ደንቤን ያከበርኩ መስሎኝ ደስ አለኝ። እንደ ልማዴ ከአክስሉ እስከ ሻንሲው ያለውን ርቀት ከሥራው በፊትና በኋላ ለክቼ በደብተሬ አሰፈርኩ፤ ልዩነቱ 45 ሚሊ ሜትር ነበር። ያን ቁጥር የጻፍኩት ለምንም አልነበረም፤ ቀያሽ ያየውን ሁሉ ይለካል።

ሞተሩ ከጠበቅነው በላይ ቶሎ ተነሣ። ናፍጣው ተቀይሮ፣ ሳልቫትዮው (የናፍጣ ታንከሩ) ታጥቦ፣ ስድስቱም ኖዝሎች ተፈትሸው፣ ሁለት ጥሩ ባትሪ ሲገጠምለት በሦስተኛው ሙከራ ጮኸ። መጮኹ ግን አላቆመም። ነዳጅ መስጫውን ሳይነኩት ይጋልባል፣ ይወርዳል፣ መልሶ ይጋልባል፤ በየግልቢያውም ጥቁር ጭስ ይተፋል። የባሰው ደግሞ ቁልፉን ስናዞር አልጠፋም፤ ጋሼ አራተኛ ማርሽ አስገብተው ፍሬን በመርገጥ አነቁት።

የ2ኤች ፍጥነት መቆጣጠሪያ የሚሠራው በአየር ስበት ነው። ሹፌሩ ነዳጅ መስጫውን ሲረግጥ በቀጥታ የሚታዘዘው ናፍጣ የሚገፋው ፖምፓ አይደለም፤ በአየር ማስገቢያው ጉሮሮ ውስጥ ያለች ክብ መዝጊያ ናት። መዝጊያዋ ስትዘጋ የሚፈጠረው ስበት በቀጭን ጎማ ቱቦ አልፎ ከፖምፓው ጀርባ የተወጠረውን ቆዳ ይስባል፤ ቆዳውም ናፍጣ የሚመጥነውን ዘንግ ወደ ኋላ ይጎትታል። መዝጊያዋ ስትከፈት ስበቱ ይላላና ስፕሪንግ ዘንጉን ወደ ብዙ ናፍጣ ይገፋዋል። እንግዲህ ቆዳው ከተቀደደ ወይም ቱቦው ከተሰነጠቀ፣ ሞተሩ ሹፌሩ እስከ መጨረሻው የረገጠው ያህል ይጠጣል ማለት ነው። ጋሼ ምርመራውን ያደረጉት ያለ አንዳች መሣሪያ ነው። ቱቦውን ነቀሉ፤ የማጥፊያውን ዘንግ ወደ ኋላ ገፍተው ያዙ፤ ቱቦው የነበረበትን ቀዳዳ በምራቅ ባረጠቡት አውራ ጣታቸው ደፈኑ፤ ከዚያም ዘንጉን ለቀቁት። ቆዳው ደህና ቢሆን ኖሮ አየር መግቢያ ስለሚያጣ ዘንጉ ባለበት በቆመ ነበር፤ የእኛው ግን ማንም እንዳልያዘው በር ቀስ ብሎ ተመለሰ። ስንከፍተው ቆዳው ደርቆ፣ ከዳር በኩል እንደ ቆየ እንጀራ ተሰነጣጥቆ ነበር።

እዚህ ላይ ደንቤ የመጀመሪያውን ፈተና ተፈተነ። ቆዳ ከሆነ ጎጃም ውስጥ ቆዳ ሠራተኛ አይጠፋም ብዬ፣ የፈረስ ኮርቻ ለሚሠራ ባለሙያ ወሰድኩለት። ባለሙያው ስስ የፍየል ቆዳ መርጦ፣ በአሮጌው ልክ ቆርጦ፣ ቀዳዳዎቹን በወስፌ በስቶ፣ ከኦርጅናሉ የማይለይ አድርጎ ሰጠኝ። ሞተሩ እንደ በግ ተረጋጋ። ለሦስት ሳምንት ያህል የሀገሬን ሙያ ላገኘሁት ሰው ሁሉ ሳወራ ሰነበትኩ፤ በአራተኛው ሳምንት ቆዳው ከአንድ ወገን ተለጥጦ፣ ከሌላው ወገን ደርቆ፣ ግልቢያው ተመለሰ። ጥፋቱ የኮርቻ ሠሪው አልነበረም፤ ለኮርቻ የተለፋ ቆዳ በሁሉም አቅጣጫ እኩል እንዲለጠጥ የሚጠይቀው ማንም የለም። በመጨረሻ ኦርጅናሉ ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ተገኘ። ይህ ቆዳ በየጊዜው ጥቂት ጠብታ ዘይት ካላገኘ ይደርቃል፤ ያ ሁሉ ዓመት ከባሕር ዛፍ ሥር ስትቆም ዘይት የሚያስታውሰው እንዳልነበረ ግልጽ ነው። አሁን አንድ መለዋወጫ ቆዳ፣ በዘይት ርሶ፣ በፌስታል ተጠቅልሎ ከዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ ይኖራል። ደንቤንም በዚሁ አረምኩት፤ ሞጣ ላይ የማይጠገን ነገር ካለ ይዘኸው ሂድ።

ሞተሩን በቁልፍ የሚያጠፋው የኤሌክትሪክ ክፍል ከፖምፓው ጎን ያለ ትንሽ ሞተር ነበር፤ ቁልፉ ሲዞር ዘንግ ገፍቶ ናፍጣውን ይዘጋል፣ ሲነሣ ደግሞ ለአፍታ ትርፍ ናፍጣ ይሰጣል። ተቃጥሏል። በምትኩ ከዳሽቦርዱ ሥር የሚሳብ የሽቦ ገመድ ዘረጋሁ፤ ስስበው ሞተሩ ይጠፋል። የማስነሻውን ትርፍ ናፍጣ በማጣቴ በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ ማሞቂያውን ከወትሮው ረዘም አድርጌ መጠበቅ ግድ ይለኛል፤ ቅር አላለኝም። የሚገርመኝ ነገር፣ መኪናዋን ካሻሻልኩባቸው ሥራዎች ሁሉ ሰው አይቶ የሚስቅበት ይህ ገመድ ሲሆን፣ አንድም ቀን ያላስቸገረኝም እሱ ነው።

ስለ ጉልበት ብዙ ምክር ሰምቻለሁ። አዲስ አበባ ያለ የሥራ ባልደረባዬ ቱርቦ እንድጨምር ይጎተጉተኝ ነበር። ክርክሩ ውኃ የማያነሣ አልነበረም፤ ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ስትሆን፣ በዚህ ከፍታ የአየር ግፊቱ በባሕር ጠለል ካለው በሩብ ያህል ያንሳል፤ ቱርቦ ደግሞ የጎደለውን አየር የሚመልስ ነገር ነው። ቶዮታም ራሱ የዚህ ሞተር ባለ ቱርቦ ዘመድ የሆነውን 12ኤች-ቲ ሠርቷል፤ ያ ግን ናፍጣው በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ የሚረጭበት፣ ለዚያ ሙቀትና ግፊት ታስቦ የተሠራ ሌላ ሞተር ነው። በእኔ ሞተር ናፍጣው የሚቀጣጠለው በቴስታታው ውስጥ ባለ ቅድመ ክፍል ነው፤ ከሠላሳ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ቴስታታ ላይ ተጨማሪ ሙቀት መጫን አልወደድኩም። ሞተሩን በ1ኤችዜድ መለወጥም ይቻል ነበር፤ ሆኖም የሞተር ቁጥር በሊብሬው ላይ የተጻፈ ነውና ያንን ማስለወጥ የሚያስከትለውን መመላለስ ሳስብ ደከመኝ። የመረጥኩት ተቃራኒውን ነው፤ ፖምፓውን ባሕር ዳር ወስጄ ከፍተኛው የናፍጣ መጠን ለዚህ አየር እንዲስማማ አስቀነስኩት። ያጣሁት ጉልበት አይታወቀኝም፤ በጭስ መልክ ይወጣ የነበረው ናፍጣ ድሮም አልጎተተኝም ነበር።

መኪናዋ በሁለት ባትሪ በ24 ቮልት የምትሠራ ስለሆነ ለሬዲዮና ለተጨማሪ መብራት 12 ቮልት ያስፈልገኝ ነበር። አንድ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ከአንደኛው ባትሪ ብቻ ቀጥታ ሳበልኝ። እንዲህ ሲደረግ ሁለቱ ባትሪዎች እኩል አይራቆቱም፣ እኩልም አይሞሉም፤ በአምስት ወሩ አንዱ ሞተ፣ ሌላውን ደግሞ ከልክ ባለፈ ቻርጅ አፈላው። ከ24 ወደ 12 የሚቀይር ትንሽ ሣጥን ገዝቼ ነገሩ አበቃ። እዚህ ላይ ቁጠባዬ ሁለት ባትሪ አስከፍሎኛል።

ስለ አካሏ ብዙ የምለው የለኝም። የወለሉ ላሜራ ከዘይት በርሜል ተቆርጦ በጋዝ ተበየደ፤ ባትላሜራ ሠራተኛው ጎበዝ ነበር፤ አንቲረስት ሁለት ጊዜ ተቀባች፤ ከዚያ በላይ የአሸዋ ቀለም። ዶሮዋ የገባችበት ሽንቁር ሲደፈን ባለቤቴ ቆማ ትመለከት ነበር። በ2014 ዓ.ም. ክረምት ማግሥት ዓመታዊ ምርመራውን አልፋ ቦሎ ለጠፈች፤ የፍሬኑ ምርመራ ባዶዋን እንደተካሄደ ልብ ማለት ይገባ ነበር፤ እኔ ግን ልብ አላልኩም።

በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ከጋሼ ጋር ወደ ጮቄ ተራራ ወጣን። ከሮብ ገበያ በላይ መንገዱ ሲከፋ ወርደን የፊት ጎማዎቹን መሃል መቆለፊያዎች በእጃችን አዙረን ፎር ዊል አስገባሁ። ጅብራው ከሚጀምርበት ከፍታ በላይ ሞተሩ ጥቂት ማጨሱ ባይቀርም፣ መሪው እንደ አዲስ ነበር፤ ድንጋይ ላይ ስትወጣ እንኳ እጄ ውስጥ አልተንቀጠቀጠም። ስንመለስ ከሮብ ገበያ ስድስት ኩንታል ድንች ጫንኩ። የባለቤቴ እኅት ጎሐ ጽዮን ትኖራለችና በነጋታው ዐባይን ተሻግሬ ላደርስላት ነበር።

ከደጀን እስከ ዐባይ ድልድይ ያለው ቁልቁለት ከ1,300 ሜትር በላይ ከፍታ የሚወረድበት ነው። በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ፣ ሞተሩ እየያዘልኝ፣ ፍሬኑን አለፍ አለፍ እያልኩ እየረገጥኩ ወረድኩ። ግማሽ መንገድ ላይ ፔዳሉ ጠነከረብኝ፤ ከዚያ ደግሞ የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ መጣ። ቀጥሎ በነበረው ኩርባ ላይ መኪናዋ ከፊት ስትያዝ ከኋላ ድንቹ የገፋት ያህል ተሰማኝ፤ ፊቷ ተደፋ፣ ኋላዋ ቀለለ፤ አንደኛ ማርሽ አስገብቼ ወደ ገደሉ ግርግዳ ተጠግቼ አቆምኩ። ጋሼ ምንም ሳይናገሩ ወርደው እጃቸውን ወደ ፊት ጎማው አስጠጉና ከአንድ ስንዝር ርቀት መለሱት፤ ይፋጃል። ወደ ኋላ ሄዱ። መዳፋቸውን የፍሬን ታምቡሩ ላይ አሳርፈው እዚያው ተዉት፤ እንደ ሰው ግንባር ለብ ብሏል። «አንተ ልጅ፣ የኋላው ፍሬን አይሠራም» አሉኝ።

በጥገናው ጊዜ የኋላውን የፍሬን ሸራም፣ ሲሊንደሩንም በእጄ ለውጬ ነበርና አላመንኩም። ተከራክረን፣ ፍሬኑ እስኪበርድ ጠብቀን፣ በአንደኛ ማርሽ እየተሳብን ወርደን ድንቹን አደረስን። ምክንያቱን ያገኘሁት ቤቴ ተመልሼ መጽሐፉን ሳገላብጥ ነው። በዚህች ፒክአፕ ሻንሲ ላይ፣ ከኋላ አክስሉ ጋር በዘንግ የተያያዘ አንድ ቫልቭ አለ። ሥራው ጭነቱን መመዘን ነው፤ መኪናዋ ስትጫን ሻንሲው ወደ አክስሉ ስለሚቀርብ ዘንጉ ቫልቩን ይከፍትና ለኋላ ፍሬን ሙሉ ግፊት ይሰጣል፤ ባዶ ስትሆን ሻንሲው ከፍ ስለሚል፣ የኋላ ጎማ ተቆልፎ እንዳይንሸራተት ግፊቱን ይቀንሳል። እኔ ደግሞ ቅጠል ጨምሬ ሻንሲውን በ45 ሚሊ ሜትር አንሥቼዋለሁ። ስድስት ኩንታል ተጭኖም ቢሆን ቫልቩ መኪናዋን ባዶ ናት ብሎ ነበር። በደንቤ መሠረት ምንም ጥፋት የሌለበት፣ የትም የሚጠገን፣ ርካሽ ማሻሻያ፣ ያልነካሁትን ክፍል ዋሽቶት ኖሯል።

መድኃኒቱ ቀላል ነበር፤ ዘንጉ ከአክስሉ ጋር የሚገናኝበትን ደጋፊ ብረት በዚያው በጠፋው ልክ ከፍ ማድረግ። ለምንም ሳይሆን የጻፍኩት ቁጥር ከደብተሬ ወጣ። ከ6 ሚሊ ሜትር ብረት ቁራጭ ቆርጬ፣ ብሎን በስቼ፣ 45 ሚሊ ሜትር ከፍ አድርጌ አሰርኩት፤ የፍሬን ዘይቱን በሙሉ ለውጠን አየሩን አስወጣን።

በጥር ወር ስድስት ኩንታል ጭነን ያንኑ ቁልቁለት እንደገና ወረድን፤ በዚህ ጊዜ ጭነቱ የአሸዋ ጆንያ ነበር፣ የሰው ድንች ዳግመኛ ለሙከራ አላዋልኩም። በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ በጃፓን እርዳታ ተሠርቶ የተመረቀው የህዳሴ ድልድይ ሳንደርስ ዳር ይዤ አቆምኩ። ጋሼ ወረዱና በፊት ግራ ጀምረው አራቱንም ዞሩ። ከኋላ ቀኝ ታምቡር ላይ መዳፋቸውን ሊያሳርፉ ሲሉ ሳብ አድርገው ጣታቸውን እፍ አሉት። ከዚያ ጨርቃቸውን ኪሳቸው ከተው ጋቢና ገቡና በሩን ዘጉ፤ «በል፣ ሽቅቡን ንዳ» አሉኝ።